ለብቻ የማያስቀምጥ አግዳሚ ወንበር

«ኳ! ኳ! ኳ!»

ስሙት እስቲ! ይህ የመዶሻ ድምፅ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው ማለት ነው።

ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ጥላ አለች። ሰኞ ዝም ትላለች፣ ማክሰኞም ዝም ትላለች፣ እስከ ዓርብ ድረስ ዝም ነው። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ጫጫታዋ ለጉድ ነው።

«ኳ! ኳ! ኳ!» ይላል መዶሻው። «ኽርር! ኽርር!» ይላል መጋዙ።

እዚያ የሚሠሩት የቅዳሜ አናጢዎች ናቸው። የቅዳሜ አናጢ ማለት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ አናጢ የሚሆን ሰው ነው።

አንዱ የትርሲት አባት ነው። በሌላው ቀን የከተማ አውቶቡስ ይነዳል።

ሌላዋ እትዬ ሙላቷ ናቸው። በሌላው ቀን መድኃኒት ቤት ይሠራሉ። ስለዚህ ምንም ነገር ሳይለኩ አይቆርጡም፤ ለክተውም ደግመው ይለካሉ።

ሦስተኛው ደግሞ ጋሽ ደመላሽ ናቸው። በሌላው ቀን ባንክ ቤት ቁጭ ብለው ይውላሉ። ቅዳሜ ግን ሚስማር ይመታሉ፤ ሚስማሩን ሲስቱት ጣታቸውን ይመታሉ።

«ኳ! ኳ! ውይ ጣቴን!»

ጋሽ ደመላሽን ሳታዩአቸው በድምፃቸው ብቻ ታውቋቸዋላችሁ።

ትርሲትስ? ትርሲት ገና ትንሽ ልጅ ናት። እሷና ቤተሰቧ ወደዚህ ሰፈር ከመጡም ብዙ አልቆዩም።

እናቷ ነርስ ናት። ዓርብ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ ታድርና ቅዳሜ ጠዋት ትተኛለች።

«እሽሽ!» ይላል አባቷ። «እማዬን እንዳንቀሰቅሳት። ነይ ወደ ታች እንውረድ።»

ትርሲትም በጣቶቿ ጫፍ እየተራመደች ትወርዳለች። ታች ግን የሚያጫውታት የለም።

ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እርስ በርስ በስም ይጠራራሉ። የትርሲትን ስም ግን አንድም ልጅ አያውቀውም።

ስሟን ሳያውቁ ምን ብለው ይጥሯት?

ትርሲት «ስሜ ትርሲት ነው» ልትላቸው ትፈልጋለች። ነገር ግን ልጆቹ ጋ ስትደርስ አፏ እምቢ ይላታል።

ተመልሳ ትመጣና የእንጨት ፍቅፋቂ ትለቅማለች። ጥቅልል ያለውን ትመርጥና እንደ ጉትቻ ጆሮዋ ላይ ታንጠለጥለዋለች።

ያምርባታል። ነገር ግን «እንዴት አምሮብሻል!» የሚላት ልጅ የለም።

አንድ ቅዳሜ አባቷ ረጅም ጣውላ ይዞ መጣ። ቆንጆ፣ ሰፊ፣ ቀይ ጣውላ።

«ትርሲትዬ፣ ከዚህ ምን ልሥራልሽ?» አላት።

ትርሲት አሰበች። አሰበች፣ አሰበችና «አግዳሚ ወንበር» አለች። «ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ።»

«አንዷ አንቺ ነሽ። ሁለተኛው ሰው ማነው?»

«ገና አላውቀውም» አለች ትርሲት።

አባቷ ጣውላውን መሬት ላይ አጋደመው። ከዚያ መዶሻውን አነሳ።

«ኳ! ኳ! ኳ!»

እትዬ ሙላቷ ለኩ። ደግመው ለኩ። ጋሽ ደመላሽ ሚስማር አቀበሉ።

አባቷ የአግዳሚውን እግር ጣውላው ጫፍ ላይ ሊመታ ሲል፣ «ቆይ! ቆይ!» አሉ ጋሽ ደመላሽ። «ጫፍ ላይ ከመታኸው ጣውላው ይሰነጠቃል። ትንሽ ወደ መሃል!»

እውነታቸውን ነው። ጣውላ ጫፉ ላይ ሚስማር ሲመቱበት ይሰነጠቃል። አባቷ እግሩን ትንሽ ወደ መሃል አስጠጋው።

«ለማንኛውም ትንሽ ወደ መሃል!» አሉ እትዬ ሙላቷ።

አባቷ አሁንም አስጠጋው።

«ለጥንቃቄ ያህል፣ ትንሽ ወደ መሃል!» አሉ ደግሞ ጋሽ ደመላሽ።

ትንሽ ወደ መሃል፣ ትንሽ ወደ መሃል፣ ትንሽ ወደ መሃል። ከዚያ ኮላ ቀቡት፤ ሚስማሩንም መቱት።

«ኳ! ኳ! ውይ ጣቴን!»

ትርሲት በብርጭቆ ወረቀት ጣውላውን ፈተገችው። ፈሽ፣ ፈሽ፣ ፈሽ። እጇን ስታሳርፍበት ለሰለሰ።

ጋሽ ደመላሽ መሃል ላይ ዘፍ አሉ። አግዳሚው ንቅንቅ አላለም።

«አየሽ? ለእኔ ክብደት እንኳ አልተበገረም!» አሉ እየተኩራሩ።

አሁን የትርሲት ተራ ሆነ። ትርሲት ግን መሃል ላይ አልተቀመጠችም፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠች።

ወዲያኛው ጫፍ ተነሳ። ብድግ...

ዷ!

ትርሲት መሬት ላይ ቁጭ አለች። አግዳሚው ላይዋ ላይ ቆመ።

«ውይ ልጄን!» አለ አባቷ። አንስቶ አቧራዋን አራገፈላት።

ደህና ናት። ቂጧን ብቻ ትንሽ አሟታል።

እትዬ ሙላቷ ጎንበስ ብለው አዩ። «እግሮቹን ወደ መሃል አብዝተናቸዋል። ጫፉ ላይ ሰው ሲቀመጥ የሚይዘው የለም። ለመሆኑ ማነው ወደ መሃል፣ ወደ መሃል ሲል የነበረው?»

ጋሽ ደመላሽ ጣታቸውን ማሻሸት ጀመሩ።

«መሃል ላይ ተቀመጪ፣ ትርሲትዬ። መሃሉ አይጥልም» አላት አባቷ።

«መሃል ላይ ከተቀመጥኩማ ሌላው ሰው የት ይቀመጣል?» አለች ትርሲት።

አባቷ ጎንበስ ብሎ እግሮቹን ነቅነቅ አደረጋቸው።

እግሮቹን ነቅለው እንዳያዛውሩ ኮላው ጭምድድ አድርጎ ይዟቸዋል። ያለው መላ አንድ ብቻ ነው።

«አይዞሽ» አላት አባቷ። «የሚመጣው ቅዳሜ ሁለቱንም ጫፍ በመጋዝ እንቆርጣቸዋለን። አጠር ብሎ ለአንድ ሰው ቆንጆ መቀመጫ ይሆናል።»

ለአንድ ሰው!

የትርሲት ዓይን እንባ ሞላ። ለአንድ ሰውማ ደረጃውም አለ። ለአንድ ሰው ድንጋዩም አለ። እሷ የፈለገችው የሁለት ሰው ነው።

«እስከ ቅዳሜ ግን አትቁረጠው፣ እሺ?» አለችው።

«እሺ፣ እስከ ቅዳሜ።»

አግዳሚውን ተሸክመው ግራቪሊያው ዛፍ ሥር አስቀመጡላት።

በማግስቱ ትርሲት አሻንጉሊቷን ይዛ ወረደች። አሻንጉሊቷን ወዲያኛው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። እሷ ወዲህኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ብድግ... ዷ!

አሻንጉሊቷ በሰማይ በረረች። ትርሲት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው ብረት ጀርባ፣ ሁለት ዓይኖች ያዩአታል። ትርሲት ግን ቀና ብላ አላየችም።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ቦርሳው በደብተር የተሞላ ነው፤ ይከብዳል።

ብድግ... ዷ!

ለካ ያን ያህል አይከብድም።

ደረጃው ላይ ሁለት ዓይኖች ያዩአታል። ትርሲት አሁንም ቀና ብላ አላየችም።

ሌላ ቀን የግቢውን ድመት አባብላ አስቀመጠቻት። ድመት እንኳን ሰው ልትጠብቅ ለራሷም አንድ ቦታ አትረጋም። ወፍ አየችና ዘላ ሄደች።

እናንተው ጨርሱት። ብድግ...

ዷ!

ትርሲት አባቷን ለመነችው። አባቷም ውሃ የተሞላ ትልቅ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ አወረደላት። ወዲያኛው ጫፍ ላይ አስቀምጦ፣ እሷ እስክትቀመጥ ድረስ ደግፎ ያዘው።

ትርሲት ወዲህኛው ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጠበቀች።

ብድግ አላለም። ዷም አላለም። ጀሪካን ጎበዝ ነው!

ትርሲት ደስ አላት። ወደ ጀሪካኑ ዞር አለች። «ስሜ ትርሲት ነው» አለችው።

ጀሪካኑ ዝም።

«አንተስ ማን ትባላለህ?»

ጀሪካኑ ዝም።

«ዛሬ ትምህርት ቤት ዝሆን ሣልኩ። ኩምቢው ግን ከወረቀቱ ወጣ።»

ጀሪካኑ ዝም። ምን ያድርግ? ጀሪካን ነው።

ሜዳው ላይ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ይሯሯጣሉ፣ ይጠራራሉ። ትርሲት እግሮቿን እያወዛወዘች ትሰማቸዋለች።

ከፋት። ብቻዋን ስትሆን ይከፋታል። ልጆች ባሉበት ብቻዋን ስትሆን ግን ይብስባታል።

ደረጃው ላይ ሁለት ዓይኖች ያዩአታል። ኧረ ትርሲት፣ ቀና በይ!

አላየችም።

ዓርብ መጣ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ነገ መጋዙ ይመጣል።

ትርሲት ጫፏ ላይ ተቀምጣለች። ጀሪካኑ ጫፉ ላይ ተቀምጧል። ፀሐይዋ ከፎቁ ጀርባ ልትገባ ነው።

«ውሃ ጠፋ!» ብላ እናቷ ከላይ በመስኮት ተጣራች። «አባዬ ጀሪካኑን ያምጣልኝ! ሥራ ሳልሄድ እራት ልሥራላችሁ!»

አባቷ ከሥራ መምጣቱ ነበር። ደክሞታል፣ ርቦታልም። ጀሪካኑን አፈፍ አድርጎ አነሳው።

ወዲያኛው ጫፍ ላይ ማን እንደተቀመጠ ረሳው።

ብድግ... ዷ!

«ውይ! ይቅርታ ልጄ! ረስቼ ነው፣ ይቅርታ!» አለ አባቷ። «አይዞሽ፣ ነገ ጠዋት እንቆርጠዋለን። ከዚያ በኋላ አይጥልሽም።»

ጀሪካኑን ተሸክሞ ወደ ላይ ወጣ። ውሃው ቧጭ፣ ቧጭ እያለ ራቀ።

ትርሲት አልተነሳችም። እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያሁኑ ለቅሶ የቂጧ ሕመም አይደለም።

«አሞሻል?» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ትርሲት በመጨረሻ ቀና አለች።

ፀጉሯን ሁለት ጉንጉን የተሠራች ልጅ ቆማለች። ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው። እነዚያን ዓይኖች እኛ እናውቃቸዋለን!

የትርሲት አፍ እምቢ ሊላት ነበር። ነገር ግን ለጀሪካን ነግራው የለ እንዴ? ለጀሪካን የተናገረች ልጅ ለልጅ መናገር ያቅታታል?

«ስሜ ትርሲት ነው» አለች።

«እኔ ሲፈን እባላለሁ» አለች ልጅቷ። «ሁልጊዜ ከደረጃው ላይ ሆኜ አይሻለሁ። የምጫወተው ሰው የለኝም።»

«ታዲያ ለምን አልመጣሽም?»

ሲፈን ጉንጉኗን በጣቷ ጠቀለለች። «ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጪው። ለሰው ቦታ የያዝሽ መሰለኝ።» ከዚያ በጣም ቀስ ብላ ጠየቀች፤ «የማን ቦታ ነው?»

ትርሲት ባዶውን ጫፍ አየች። ሲፈንን አየች።

«ያንቺ» አለቻት።

ትርሲት ከአቧራው ተነሳች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ግን አብረን ካልተቀመጥን ይጥለናል» አለች።

«አንድ፣ ሁለት፣ ቁጭ!» አሉ ሁለቱም።

ትርሲት ወዲህ፣ ሲፈን ወዲያ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ።

ብድግ አላለም። ዷም አላለም። አግዳሚው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ትምህርት ቤት ምን ሣልሽ?» አለች ሲፈን።

ጀሪካን እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም! ትርሲት ስለ ዝሆኑ ነገረቻት። ኩምቢው ከወረቀቱ መውጣቱን ስትነግራት ሲፈን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ትርሲትም ሳቀች።

«ሲፈን! ነይ ግቢ!» ብለው የሲፈን እናት ተጣሩ።

«አቤት!» አለችና ሲፈን ተነሳች።

ብድግ... ዷ!

ትርሲት እንደገና መሬት ላይ! አሁን ግን አላለቀሰችም። ሳቋ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ተሰማ።

«ከዛሬ ጀምሮ የምትነሳው ሰው ልነሳ ነው ማለት አለባት» አለች ትርሲት። «ከዚያ አብረን እንነሳለን።»

«እሺ፣ ልነሳ ነው እላለሁ» አለች ሲፈን።

ቅዳሜ ጠዋት የቅዳሜ አናጢዎች መጡ። አባቷ መጋዙን ይዟል። እትዬ ሙላቷ ሜትራቸውን ይዘዋል። ጋሽ ደመላሽ በፋሻ የታሰረ ጣታቸውን ይዘዋል።

አግዳሚው ጋ ሲደርሱ ሁለት ልጆች ተቀምጠውበታል። በሁለቱም ጆሮ ላይ የፍቅፋቂ ጉትቻ ተንጠልጥሏል።

«ኧረ! እንዴት አምሮባችኋል!» አሉ እትዬ ሙላቷ።

አባቷ ሲፈንን አያት። «ይቺ ቆንጆ ልጅ ማናት?» አለ።

«ሁለተኛዋ ሰው ናት» አለች ትርሲት።

አባቷ መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጠ። አንዴ ትርሲትን፣ አንዴ ሲፈንን አየ። ዓይኑ ውስጥ ሰጋቱራ ሳይገባ አልቀረም፤ ያሻሸው ጀመር።

«በቃ፣ አይቆረጥም» አለ።

«እስቲ እኛም እንሞክረው» አሉ ጋሽ ደመላሽ። ልጆቹ ተነሱላቸው። ጋሽ ደመላሽ ወዲህ፣ እትዬ ሙላቷ ወዲያ። አንድ፣ ሁለት፣ ቁጭ!

አግዳሚው ሲጢጥ አለ፤ ግን ቻላቸው።

«መዶሻዬን የት አደረግሁት?» ብለው ጋሽ ደመላሽ ሊነሱ ሲሉ፣ ትርሲትና ሲፈን ጮኹ። እናንተም ጩኹ!

«ልነሳ ነው ይበሉ!»

ጋሽ ደመላሽ ደንግጠው ቁጭ አሉ። «ልነሳ ነው» አሉ እንደ ትንሽ ልጅ። አብረው ተነሱ። እትዬ ሙላቷም ሳይወድቁ ቀሩ።

እሑድ ሲፈን ከእናቷ ጋር ዘመድ ልትጠይቅ ሄደች። ትርሲት ብቻዋን ወረደች።

ሰፈሩ ጭር ብሏል። የቆርቆሮዋ ጥላም ዝም ብላለች። ትርሲት ሲፈን ናፈቀቻት።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የት መሰላችሁ? መሃል ላይ።

ዛሬ ቦታ መያዝ አያስፈልጋትም። ሲፈን ቦታዋን ታውቀዋለች።

ማታ ትርሲት አልጋዋ ላይ ወጣች። ወደ አንዱ ጫፍ ጥግት ብላ ተኛች።

«ወደ መሃል ግቢ እንጂ፣ ትወድቂያለሽ» አላት አባቷ።

«አንተ በዚያኛው ጫፍ ተቀመጥ። ያኔ አልወድቅም።»

አልጋ እንደዚያ አይደለም። አባቷ ይህን ያውቃል። ግን ዝም ብሎ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ትርሲት ስለ ሲፈን አወራችለት። ስለ ጉንጉኗ፣ ስለ ሳቋ፣ ነገ አብረው ስለሚሥሉት ዝሆን። ድምፅዋ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ መጣ።

ከዚያ ጠፋ።

አባቷ ጥቂት ጠበቀ። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ፣ «ልነሳ ነው» አላት በሹክሹክታ።

ትርሲት አልመለሰችም።

እሺ ሳይባል ለብቻ መነሳት ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ አባቷ አልተነሳም፤ እዚያው ጫፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቆየ።